እህቴ ከገበታ እየሸሸች ነው፤ ወደ ማን ልውሰዳት?

ጥያቄ፦ «ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ እሠራለሁ፤ ቤተሰቦቼ ያሉት ደሴ ነው። በ15 ቀን አንድ ጊዜ እየሄድኩ አያቸዋለሁ። ታናሽ እህቴ የ17 ዓመት ልጅ ናት፤ 12ኛ ክፍል ትማራለች። ከአምና ጀምሮ በጣም ከስታለች፤ የደንብ ልብሷን ልብስ ሰፊ ሁለት ጊዜ አጥብቦላታል። ስትጠየቅ ‹ጨጓራዬ ነው› ትላለች። የጨጓራ መድኃኒት ታዞላት ወስዳ ጨርሳለች፤ ለውጥ የለም። ዘንድሮ ረመዷንን አንድም ቀን ሳታጎድል ጾመች፤ የሸዋልን ስድስት ቀን አስከተለች፤ ከዚያ ወዲህ ሰኞና ሐሙስ ትጾማለች። እናታችን መጀመሪያ በጾሟ ትኮራ ነበር፤ አሁን ‹ዓይን በልቷት ነው› ብላ ሩቅያ (ለፈውስ የሚቀራ ቁርኣን) ልታስቀራላት አስባለች። አባታችን ‹ቅንጦት ነው፤ ረሃብን ስለማታውቁት ነው› ይላል። ገበታ ሲቀርብ ሁላችንንም ታጎርሳለች፤ ቡና ታፈላለች፤ እሷ ስትበላ ግን አላይም። ባለፈው ወር እኔ ጋ መጥታ በዚያ ሙቀት ሹራቧን አላወለቀችም። የሥራ ባልደረባዬ የአመጋገብ ሕመም ሊሆን ይችላል አለችኝ። እንዲህ ያለ በሽታ እኛ አገር አለ? ካለ ወደ ማን ልውሰዳት? እምቢ ብትልስ?»

ምላሽ፦

ሰላም ላንቺም ለቤተሰብሽም ይሁን። ሦስት ነገር ጠይቀሻል፤ እኔ ግን ካልጠየቅሽው ልጀምር። በዚህ ሳምንት ሐኪም ይያት። በሽታው ይኸው ነው ብለሽ እስክታረጋግጪ አትጠብቂ፤ ማረጋገጡ የእኛ የባለሙያዎቹ ሥራ ነው። እሷ ራሷ «አዎ፣ አሞኛል» እስክትልም አትጠብቂ። ሕመሙ ይህ ከሆነ ብዙ ጊዜ እንዲያ አትልም፤ «ደህና ነኝ» ማለቷ ከሕመሙ ምልክቶች አንዱ ነው። ያንቺ ጥርጣሬ ለመሄድ ይበቃል።

ደብዳቤሽን ሳነብ ያስደነገጠኝ ክሳቷ አይደለም፤ ረመዷኑ ነው። የ17 ዓመት ልጃገረድ ወሩን ሙሉ አንድም ቀን ሳታጎድል ጾመች አልሽኝ። ሴት በወር አበባዋ ቀናት እንደማትጾም፣ ያጎደለቻቸውንም በኋላ ቀዷ እንደምታወጣ አንቺም እናትሽም ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። ታናሽሽ የምታወጣው ቀዷ አልነበራትም፤ በቀጥታ ወደ ሸዋል ገባች። የወር አበባ አንዳንዴ ይዘገያል፤ አንድ ወር ቢያልፍ ብቻውን ብዙ አያስፈራም። ከክሳቷ ጋር ሲደመር ግን የወር አበባዋ ከቆመ የሰነበተ ይመስለኛል። እናታችሁ የኮሩበት ነገር ሰውነቷ የድረሱልኝ ጥሪ ያሰማበት ነበር። ጎተራ ሲጎድል ብልህ የቤት እመቤት ወጪ እንደምትቀንስ ሁሉ፣ ምግብ ያጣ ሰውነትም ለጊዜው ሊቆይ የሚችለውን ሥራ ያቆማል። ቀድመው ከሚቆሙት አንዱ የወር አበባ ነው። ቀጥሎ ሙቀቱን ይቆጥባል፤ ከዚያ የልብ ምትን ያዘገያል።

ሹራቡም ከዚሁ ይገባል። ደሴ ከጦሳ ሥር፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ እዚያ ቀኑን ሙሉ ሹራብ ለብሳ ጋቢ ደርባ የምትውል ልጅ የማንንም ዓይን አትስብም። ሐረጎን ወርዳ ኮምቦልቻ ስትደርስ ግን 600 ሜትር ያህል ዝቅ ብላለች፤ ሰው ሁሉ ጥላ በሚፈልግበት አገር ሹራቧን አላወለቀችም። ስብ ያለቀበት ሰውነት ሙቀት መያዝ ያቅተዋል። እጇን ብትጨብጪው ቀዝቃዛ ሳይሆን አይቀርም፤ ክንዷና ጀርባዋ ላይ ቀድሞ ያልነበረ፣ እንደ ሕፃን ፀጉር የለሰለሰ ፀጉር አብቅሎም ሊሆን ይችላል። ሹራቡ ብርዱን ይከላከልላታል፤ የቀጠነ ክንዷንም ይሸፍንላታል።

ጉርሻው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም በእኛ ቤት ይህ ሕመም የሚሸሸገው እዚያ ነው። የጋራ ገበታ ማን ስንት እንደበላ አይቆጥርም፤ መቁጠርም ነውር ነው። በሚቀጥለው ስትሄጂ እጇን ብቻ ተከታተዪ። እንጀራውን ትቆርሳለች፤ ወጡን ታስነካዋለች፤ አሳምራ ትጠቀልልና እጇ ወደ ራሷ አፍ ሳይሆን ወደ አባቷ አፍ ይሄዳል። ቀጥሎ ወደ አንቺ። ከዚያ የጀበናው ውኃ ፈላ ብላ ትነሣለች። ስትመለስ በፊቷ ያለው እንጀራ ተበጣጥሷል፤ ወጡ ወደ ሌሎቹ ተገፍቷል፤ ጣቶቿ ወጥ ነክቷቸዋል። ስለዚህ ለሁሉም ሰው በልታለች። ጎረቤት ደግሞ «ሰው አብልታ የማትጠግብ ልጅ» ብሎ ይመርቃታል። ተንኮለኛ ናት ማለቴ አይደለም። በዚህ ሕመም የተያዙ ሰዎች ሌላውን ማብላት፣ ወጥ ቤት መዋል፣ ስለ ምግብ ማውራት ይወዳሉ፤ የራሳቸውን ረሃብ የሚያስታግሱት በሌላው አፍ ነው።

እኛ ምግብ እንቢ ያለውን ሰው «ወስፋቱ ተዘጋ» እንላለን። የሕመሙ የሕክምና ስም አኖሬክሲያ ነርቮዛ ነው፤ የመጀመሪያው ቃል በግሪክኛ የምግብ ፍላጎት ማጣት ማለት ነው። ስሙ ግን ያሳስታል። የታናሽሽ ወስፋት አልተዘጋም፤ ቀንና ሌሊት እየታገለችው ነው። ሌላ በሽታ ያከሳው ሰው መብላት እየፈለገ ያቅተዋል፤ እሷ ግን እየራባት ትከለክለዋለች፤ ባሸነፈችው ቁጥር ደግሞ ለአፍታ ሰላም ይሰማታል። ለዚህ ነው «ብዪ እንጂ!» የሚለው ቁጣ ሥራ የማይሠራው።

አባታችሁ «ቅንጦት» ማለታቸው አይግረምሽ። የወሎ ሰው ናቸው፤ 1966ን ወይም 1977ን በዓይናቸው ባያዩ እንኳ በታሪኩ አድገዋል። በዚህ ምድር ረሃብ መዓት ነው፤ ልጅ ጎተራ ሞልቶላት ወዳ ትራባለች ማለት ለእርሳቸው የሞቱትን እንደ መስደብ ይሆንባቸዋል። አትከራከሪያቸው፤ ይህንን ታሪክ ንገሪያቸው። በ1944 እና 1945 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ፣ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ፣ 36 ጤነኛ ወጣት ወንዶች ፈቅደው ለስድስት ወር ምግባቸው በግማሽ ያህል ተቀነሰባቸው። ዓላማው ጦርነት ያስራበውን ሕዝብ እንዴት መልሶ መመገብ እንደሚቻል ማወቅ ነበር። ወንዶቹ ከክብደታቸው ሩብ ገደማ አጡ። ከዚያ ጠባያቸው ተለወጠ፦ ሌት ተቀን ስለ ምግብ ማሰብ፣ የምግብ አሠራር መጻሕፍት መሰብሰብ፣ ያለችውን ቁራሽ እየቆራረጡ ሰዓት መፍጀት፣ በሙቀት ወራት ብርድ ልብስ መጠየቅ፣ ከጓደኛ መሸሽ፣ በትንሽ በትልቁ መቆጣት። ከመራባቸው በፊት እንዲህ አልነበሩም። ታናሽሽ ስትጀምረው አስባበት፣ ወዳም ሊሆን ይችላል። አሁን ግን እሷ ረሃቡን አልያዘችውም፤ ረሃቡ እሷን ይዟታል። ረሃብን የሚያውቅ አባት ይህ ይገባዋል።

«እኛ አገር አለ ወይ?» ላልሽው፣ አለ፤ አክሜያለሁ። ብዙ ሰው የፈረንጅ በሽታ አድርጎ የሚያየው በስልክ ከሚታዩት ቀጫጭን ሴቶች ጋር ስለሚያያይዘው ነው። እነዚያ ምስሎች እሳቱ ላይ ጭድ ይጨምራሉ፤ ግን ያለ እነሱም ይነድዳል። በሽታው በሕክምና ስሙን ያገኘው በ1873 እ.ኤ.አ. ነው፤ ያኔ የታየ ቪዲዮ አልነበረም። ለአንቺ ጥያቄ ይበልጥ የሚጠጋው በሰሜን ምሥራቅ ጋና በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተሠርቶ በ2004 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት ነው። ከተመዘኑት 668 ልጃገረዶች መካከል የ10ሩ ክሳት ራሳቸውን ከማስራብ ሌላ ምክንያት አልተገኘለትም። አሥሩም «መወፈር እፈራለሁ» አላሉም፤ አለመብላታቸውን የሚያዩት በሃይማኖት ዓይን፣ ራስን እንደ መግዛትና ረሃብን እንደ ማሸነፍ ነበር። ስለዚህ ታናሽሽ «ቀጭን መሆን እፈልጋለሁ» ብላ ስለማታውቅ ብቻ «ይህ አይደለም» አትበሉ። የጎረቤት ክርስቲያን ልጅ ብትሆን ኖሮ ከሁዳዴ በኋላ ጾሙን መፍታት ያቃታት ትሆን ነበር። ሕመሙ በየቤቱ ያገኘውን ልብስ ይለብሳል።

ስለ ጨጓራው አንድ ያጠፋሁትን ልንገርሽ። ጀማሪ ሳለሁ አንዲት ወጣት «ስበላ ሆዴን ይነፋኛል፤ ትንሽ ስቀምስ እጠግባለሁ» ብላ መጣች። እውነቷን ነበር፤ ለረጅም ጊዜ ያልተመገበ ጨጓራ ሥራው ይዘገያል፤ የገባበትን ቶሎ አያሳልፍም። የጨጓራ መድኃኒት ጻፍኩላት። «ትናንት ከጠዋት እስከ ማታ ምን በላሽ?» ብዬ ግን አልጠየቅኋትም። በሁለተኛው ወር ራሷን ስታ በሰው ሸክም መጣች፤ የልብ ምቷ በደቂቃ 38 ነበር። ዳነች። እኔ ከዚያ ወዲህ ከስቶ የመጣን ሰው ያንን ጥያቄ ሳልጠይቅ አላሰናብትም። እናንተንም ያከማችሁ ሰው ካልጠየቃችሁ ሳትጠየቁ ተናገሩ።

ወደ ማን? መጀመሪያ ሰውነቷን የሚመረምር ሐኪም፣ ቀጥሎ የአእምሮ ጤና ባለሙያ። በደሴ ሁለቱም በአንድ ግቢ የሚገኙበት ቦታ ደሴ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ካላችሁ በአቅራቢያችሁ ካለው ጤና ጣቢያ ጀምሩና የሪፈር ወረቀት ያዙ፤ ድንገተኛ አደጋ ከሆነ ግን ወረቀት አያስፈልግም። ለዚህ ሕመም ብቻ የተከፈተ ማዕከል ካልተገኘ ብላችሁ አትቀመጡ። እዚህ የማይቻል ነገር ከገጠመ አዲስ አበባ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ፤ ግን 400 ኪሎ ሜትር ገደማ የደከመ ልብ ይዞ ከመጓዝ በፊት እዚሁ ደሴ መመርመር አለባት።

ሐኪሙ ፊት ስትቀርቡ «ከስታለች» ብቻ አትበሉ። ከስታለች ሲባል የሐኪም ሐሳብ ወደ ሳንባ ነቀርሳ፣ ወደ ስኳር፣ ወደ እንቅርት ዕጢ፣ ወደ ኤችአይቪ፣ ወደ ሆድ ትላትል ይሄዳል። መሄዱም ተገቢ ነው፤ እነዚህ ሁሉ መመርመር አለባቸው፤ የወር አበባ ስለቀረም የእርግዝና ምርመራ ይደረጋል፤ ይህን እንደ ስድብ አትቁጠሩት። ግን እነዚያ ሁሉ «የለም» ሲባሉ «እንግዲያው ደህና ናት» ተብሎ እንዳይዘጋ አንቺ ቀድመሽ እንዲህ በዪ፦ «ምግብ ሆን ብላ የምትከለክል ይመስለናል። በዓመት ውስጥ ሰፍቷት ልብሷን ልብስ ሰፊ ሁለት ጊዜ አጥብቦላታል። የወር አበባዋ የቆመ ይመስለናል። የአመጋገብ ሕመም ጠርጥረናል፤ ልቧንና የደም ጨዎቿን እዩልን።» ቁመትና ክብደቷ ይለካ፤ የልብ ምቷና የደም ግፊቷ ተኝታም ቆማም ይታይ፤ የሰውነት ሙቀቷ፣ የደም ስኳሯ፣ ፖታሲየሟ፣ ቢገኝ ፎስፌቷ፣ ኩላሊቷ ይመርመር፤ ኢሲጂ (የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚያነብ ምርመራ) ትነሣ። የደም ውጤቷ ሁሉ ጤነኛ ቢሆን አትዘናጉ፤ ሰውነት የደሙን ሚዛን እስከ መጨረሻው ጠብቆ ድንገት ይለቅቃል። ክብደቷም ብቻውን አይፈርድም። ቀድሞ ሞላ ያለች ልጅ ብዙ ከስታ «መካከለኛ» የሚባል ክብደት ላይ ስትደርስ ልቧ እጅግ ሊደክም ይችላል፤ ሰው ግን «አሁን አማረብሽ» ይላታል።

ቤት ውስጥ አንቺ ልታደርጊው የምትችዪው አንድ ነገር አለ። ቅዳሜ ሄደሽ እደሪ። እሑድ ጠዋት ከአልጋዋ ሳትነሣ እጇን ያዢና ከአውራ ጣቷ ሥር፣ አንጓዋ ላይ፣ ምቷን ቁጠሪ፤ ስልክሽ ላይ ሰዓቱን አይተሽ ሙሉ አንድ ደቂቃ፣ 60 ሰከንድ። ከ50 በታች ከሆነ ቀጠሮ የለም፤ ያንኑ ቀን ድንገተኛ ክፍል ውሰዷት። ራሷን ከሳተች፣ ስትቆም ዓይኗ ከጨለመ፣ ደረቷን ካመማት፣ ውኃም መጠጣት ከተወች፣ ደም ካስመለሳት፣ ወይም «መኖር ሰልችቶኛል» የሚል ቃል ከወጣት እንደዚሁ። ይህን የመጨረሻውን እንደ ዛቻ አትቁጠሩት። ከአእምሮ ሕመሞች መካከል ይህ ብዙ ሰው ከሚገድሉት አንዱ ነው፤ ከሚሞቱት ብዙዎቹን የሚገድለው ሰውነትንና ልብን አዳክሞ ነው፤ ከአምስቱ አንዱ ያህል ግን የሚሞተው በራሱ እጅ ነው።

አንድ አደጋ ደግሞ ከፍቅር የሚመጣ ነው። እናት ከደነገጠች ማርና ቅቤ፣ አጥሚትና ገንፎ ታግተለትላለች። ብዙ የተራበ ሰውነት ድንገት ብዙ ምግብ ሲገባበት በደሙ ያለው ፎስፌትና ፖታሲየም ባንዴ ወርዶ ልቡ ሊቆም ይችላል። በ1977 በመጠለያ ያለፉ የወሎ አረጋውያን ሕፃናት በትንሽ በትንሹ፣ በየሰዓቱ ሲመገቡ አይተው ይሆናል፤ ምክንያቱ ይኸው ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ምግብ መጠን በሐኪም ይወሰን፤ በጣም የተጎዳች ከሆነ ሆስፒታል ተኝታ ይጀመርላት። ከመድኃኒት ቤት «የሚያወፍር» እየተባለ የሚሸጥ ኪኒን አትግዙላት፤ አንዳንዱ ዴክሳሜታዞን ነው፤ ፊት ያሳብጣል፣ ሌላ ጣጣ ያመጣል፣ የታመመውን አሳብ አይነካም። ለአኖሬክሲያ ፍቱን የሆነ ኪኒን የለም፤ ዋናው መድኃኒት ምግብ ነው።

እግረ መንገድሽን ይህንንም አስተውዪ፦ ከምግብ በኋላ ወዲያው መጸዳጃ ቤት ትገባለች? የቧንቧ ውኃ ከፍታ ትቆያለች? በጣቶቿ አንጓ ጀርባ ላይ ጠባሳ አለ? ጉንጮቿ ከጆሮዋ ሥር አብጠዋል? የሚያስቀምጥ መድኃኒት ቦርሳዋ ውስጥ አለ? ካለ ማስመለስና ማስቀመጥ ተጨምሮበታል፤ ፖታሲየምን የሚያወርደው ይህ ስለሆነ ለሐኪሙ ሳትደብቁ ንገሩ። የሚያስቀምጥ መድኃኒት ደግሞ የሚያወጣው ውኃና ጨው ነው፤ የተበላው ምግብ አብዛኛው ቀድሞ ገብቷል። በድንገት ብዙ እየበሉ የማስመለሱ ሕመም ቡሊሚያ ይባላል፤ ሕክምናው በከፊል ይለያል፤ ለእሱ ፍሉኦክሴቲን የሚባለው መድኃኒት ይረዳል።

አሁን ወደ ከባዱ፣ እምቢ ብትልስ ወደሚለው።

በገበታ ላይ አታንሺባት። የገበታ ሰዓት ለእሷ የፈተና ሰዓት ነው። ፀጉሯን የምትሠሪላት አንቺ ከሆንሽ ሹሩባ እየሠራሽላት ተናገሪ፤ ፊት ለፊት ሳትተያዩ መነጋገር ይቀላል፤ ማበጠሪያው ላይ የሚቀረውን ፀጉርም ታዪዋለሽ። ስለ ሰውነቷ አታውሪ። «አጥንትሽ ወጣ» ብትያት ውስጧ ያለው ሕመም ምስጋና አድርጎ ይሰማዋል፤ «ትንሽ ሞላ ብትዪ ያምርብሻል» ብትያት ደግሞ ትሸሽሻለች። ያየሽውን ብቻ ንገሪያት፦ «ኮምቦልቻ በዚያ ሙቀት ሲበርድሽ አየሁ። ብቻሽን እየተቸገርሽ ያለሽ መሰለኝ። ፈርቻለሁ።» ልትቆጣ፣ ልታለቅስ፣ «ቀናሽብኝ» ልትል ትችላለች። ቁጣዋን ሳትመልሺ ቁጭ በዪ። ከዚያ ሐኪም ቤት መሄዱን እንደ ጥያቄ አታቅርቢው። «ብትሄጂ ምን ይመስልሻል?» ሳይሆን «ሰኞ ጠዋት አብረን እንሄዳለን፤ እኔም ከሥራ ፈቃድ ወስጃለሁ።» የ17 ዓመት ልጅ ናት፤ እግሯ ቢሰበር ፈቃዷን ጠይቃችሁ አትወስዷትም ነበር። ከፈለገች መንገዱን በራሷ ችግር ትሂድ፤ «ያዞረኛል»፣ «እንቅልፍ የለኝም»፣ «ማጥናት አልቻልኩም» ትበል። በየትኛው በር ብትገባ ግድ የለም።

«ከፈተናው በኋላ» ማለት ይመጣል፤ አትቀበሉት። የተራበ አእምሮ አያጠናም፤ ያነበበውን አይይዝም። ፈተናውን ዩኒቨርሲቲ ግቢ አድረው የሚወስዱት ከሆነ ደግሞ እነዚያን ቀናት ማንም ሳያያት ስትከለክል ትውላለች።

ሩቅያውን በተመለከተ ከእናትሽ ጋር አትጣዪ። ቁርኣን ይቀራባት፤ ዱዓው ይደረግ። እናት የምታደርገው ነገር ሲኖራት ትበረታለች፤ ልጅቷም የምትወደድ መሆኗን ታያለች። የምለምናችሁ ሁለት ነገር ነው፦ ሐኪሙ በእሱ ምክንያት አንድ ቀንም አይዘግይ፤ የሚያስመልስ ወይም የሚያስቀምጥ ነገር ምንም አትጠጣ። ሰኞና ሐሙስ ግን ከዛሬ ጀምሮ ይቁም። በሱረቱል በቀራ ለታመመ ሰው ግዴታው የረመዷን ጾም እንኳ ወደ ሌላ ቀን እንዲተላለፍ ተፈቅዷል፤ የሱና ጾም ይቅርና። ይህን ከእኔ አትቀበለኝም፤ ከአንቺም አትቀበልም። ስለዚህ የምታከብራቸውን ሼህ ወይም ኡስታዝ ሄደሽ አናግሪያቸው፤ የሐኪሙን ቃል ይዘሽ፣ እሷ በሌለችበት። ከዚያ እርሳቸው ጠርተው «ልጄ፣ ላንቺ አሁን መብላት ነው» ይበሏት። ጾሙን መደበቂያ ያደረገው ሕመሙ ነው፤ በሩን ሊዘጉበት የሚችሉት እርሳቸው ናቸው። ክርስቲያን ቤተሰብ ይህን ካነበበ የንስሐ አባት ይኸንኑ ያደርጋሉ።

ሕክምናው ከተጀመረ በኋላ ያለው ትግል ቤት ውስጥ ነው። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ለንደን ሞድስሊ ሆስፒታል የተጀመረ፣ ለታዳጊዎች ከሁሉ የተሻለ ማስረጃ ያለው አካሄድ አለ፦ ወላጆች ጥፋተኛ ሳይባሉ የልጃቸውን ምግብ ለጊዜው ሙሉ በሙሉ በእጃቸው ያስገባሉ፤ ክብደቷ ሲመለስ ቀስ በቀስ ለእሷ ይመልሳሉ። ከስድስት ወር እስከ ዓመት ይፈጃል። የሚመራችሁ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ይህን ስም ባያውቀው እንኳ ሐሳቡን ንገሩት፤ ይገባዋል።

በእኛ ቤት ይህን ለማድረግ አንድ ከባድ ነገር መሥዋዕት ማድረግ አለባችሁ፤ የጋራውን ትሪ። ለተወሰኑ ወራት ለእሷ ለብቻ በሳህን ይቅረብላት። አውቃለሁ፤ በወሎ ቤት ልጅን ለብቻ ማብላት የተቀጣች ያስመስላል። አብራችሁ ተቀመጡ፤ እናንተም ብሉ፤ የእሷ ድርሻ ግን የሚታይ ይሁን፤ ጀምራው እስክትጨርሰው። ማጉረሱም ለጊዜው ይቅር፤ ቡናውን ሌላ ሰው ያፍላ። ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት፣ በመካከላቸውም ሁለት ጊዜ መክሰስ፤ ሰዓቱ አይዛነፍ። ከበላች በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ከአጠገቧ የሚቀመጥ ሰው ይኑር፤ ጠባቂ ሳይሆን አጫዋች። «ስንት ጉርሻ ቀረሽ» የለም፤ ልመናም የለም። እናት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ይህን ጨርሺ፤ እዚሁ ነኝ» ይበሉ፤ አንድ ሰዓት ቢፈጅም ከመቀመጫቸው አይነሡ። በዳገት የምትመላለስ ከሆነ ይቅርባትና በባጃጅ ትሂድ፤ የደሴ ዳገት ለደከመ ልብ ሩጫ ነው።

አንቺ ከኮምቦልቻ ሆነሽ ይህን ልትጠብቂ አትችዪም፤ ራስሽን አትውቀሽ። ማታ ከእራት በኋላ ባለው አንድ ሰዓት ደውዪላት፤ ስለ ምግብ ሳይሆን ስለ ሌላው ሁሉ አውሪያት። ያ ሰዓት በጣም የሚከብዳት ነው፤ ድምፅሽ ይዟት ይለፍ።

ሰኞ ስትሄዱ አንድ ወረቀት ያዢ። በላዩ ላይ ይህን ጻፊ፦ ልብስ ሰፊው ልብሷን ያጠበበበት ወር፣ የመጨረሻ የወር አበባዋ መቼ እንደነበር (ካልተናገረች «አናውቅም» በዪ)፣ እሑድ ጠዋት የቆጠርሽው የልብ ምት፣ ራሷን የሳተችበት ጊዜ ካለ፣ የወሰደችው መድኃኒት ስም፣ በአንድ ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ስትበላ ያያችሁት ነገር ሁሉ። የመጨረሻውን ስትጽፉ «በልታ ይሆናል» ያላችሁትን አትጻፉ፤ ስትውጥ ያያችሁትን ብቻ።